የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሕግ ሲፈርሙ የተቃውሞ መግለጫ የሚያያይዙት ለምንድን ነው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ያልወደዱትን ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ መመለስ ይችላሉ። ታዲያ ፈርመው ካጸደቁት በኋላ፣ ይህን አንቀጽ አልቀበለውም፣ ያኛውን የምረዳው በዚህ መልኩ ነው የሚል ጽሑፍ ለምን ያወጣሉ? ጽሑፉስ የሕግ ኃይል አለው ወይ?»

ከጥያቄው መጨረሻ ልነሣ። ፕሬዚዳንቱ ሕግ ሲፈርሙ የሚያወጡት ይህ ጽሑፍ የፊርማ መግለጫ ይባላል፤ ሕግ ግን አይደለም። ከሕጉ አንዲት ቃል አይቀንስም፣ አይጨምርም፤ ዳኛንም አያስገድድም። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ወረቀት ብቻ ነው» ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም መግለጫው በዋናነት የሚያነጋግረው በፕሬዚዳንቱ ሥር ሆኖ ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውለውን ባለሥልጣን ነው። ያ ባለሥልጣን ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበለው ከፕሬዚዳንቱ ስለሆነ፣ በፍርድ ቤት ዋጋ የሌለው ጽሑፍ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕለት ተዕለት አሠራርን ሊወስን ይችላል። የጉዳዩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልግባ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 ክፍል 7፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች ያሳለፉት ረቂቅ ሲቀርብላቸው ፕሬዚዳንቱ ሊያደርጉ የሚችሉትን ይዘረዝራል። ከተስማሙ ይፈርማሉ፤ ካልተስማሙ ተቃውሟቸውን ጽፈው ረቂቁ ወደ መነጨበት ምክር ቤት ይመልሳሉ፤ ሁለቱንም ሳያደርጉ እሑዶችን ሳይጨምር ዐሥር ቀን ካለፈ፣ ኮንግረስ በስብሰባ ላይ ከሆነ ረቂቁ ያለ ፊርማ ሕግ ይሆናል፣ ኮንግረስ ከተበተነ ደግሞ ወድቆ ይቀራል። ረቂቁን የሚመልስ ፕሬዚዳንት ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ሕገ መንግሥቱ ያስገድዳል። የሚፈርም ፕሬዚዳንት ግን አስተያየት እንዲጽፍም ሆነ እንዳይጽፍ የሚል አንድም ቃል የለም። የፊርማ መግለጫ የበቀለው በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

የኢትዮጵያን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ ቢል ይጠቅመዋል። በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 57 መሠረት ርዕሰ ብሔሩ የቀረበለትን ሕግ በ15 ቀናት ውስጥ ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል፤ መልሶ የመላክ ሥልጣንም የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። በአሜሪካ ግን የሚፈርመውና የሚያስፈጽመው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ፈራሚው በፊርማው ሥር የሚያሰፍረው አስተያየት፣ አስፈጻሚው ሕጉን እንዴት ሊያስፈጽም እንዳሰበ አስቀድሞ የሚናገር ይሆናል።

«ለምን አይመልሱትም» ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ፣ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን ወይ ሙሉ በሙሉ መቀበል ወይ ሙሉ በሙሉ መጣል ያለባቸው መሆኑ ነው። አንድን አንቀጽ ሰርዞ የቀረውን መፈረም አይፈቀድም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1996 (ዓመታቱ በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፕሬዚዳንቱ የተወሰኑ የወጪ መስመሮችን ነጥለው እንዲሰርዙ የሚፈቅድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1998 ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። በሌላ በኩል የዘመናችን ረቂቆች በመጠን እጅግ ገዝፈዋል። በየዓመቱ የሚወጣውን የመከላከያ ፈቃድ ሕግ ብንወስድ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሺሕ ገጽ ያልፋል፤ በውስጡ የወታደር ደመወዝ፣ የጦር መርከብ ግዥ፣ የሆስፒታል አገልግሎት፣ ከዚያም ከነዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኝ አንድ አከራካሪ አንቀጽ ተጠቅልሎ ይገባል። ለዚያ ለአንዱ አንቀጽ ሲባል ረቂቁን መመለስ የወታደሩን ደመወዝ ማዘግየት ይሆናል። ኮንግረስ ይህን ያውቃል፤ አከራካሪውን አንቀጽ እዚያ የሚሸጉጠውም አንዳንድ ጊዜ ይህንኑ ስለሚያውቅ ነው። ፕሬዚዳንቱም በበኩላቸው ፈርመው ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ያስቀምጣሉ።

እርግጥ ሁሉም የፊርማ መግለጫ የተቃውሞ አይደለም። በቁጥር የሚበዛው ሕጉን የሚያወድስ፣ የደከሙትን የምክር ቤት አባላት በስም የሚያመሰግን፣ ለሕዝብ ጥቅሙን የሚያስረዳ ዓይነት ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክርክር የሚያስነሣው ሕገ መንግሥታዊ ተቃውሞ የያዘው ነው።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ፕሬዚዳንቱ በስሜት የሚጽፉት እንዳልሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ረቂቁ በሁለቱ ምክር ቤቶች ካለፈ በኋላ በዋይት ሐውስ ሥር ያለው የአስተዳደርና የበጀት ጽሕፈት ቤት ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ያሰራጨዋል፤ እያንዳንዱም ይፈረም ወይስ ይመለስ የሚለውን አስተያየቱን ይልካል። በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ያለው የሕግ ምክር ጽሕፈት ቤት ደግሞ ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ እየመረመረ፣ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ይነካል የሚለውን ያወጣል። ሰዓቱ አጭር፣ ረቂቁ ረጅም ስለሆነ፣ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የዳበሩ ዝግጁ ሐረጎች ተደጋግመው ይገባሉ፤ «አስፈጻሚው አካል ይህን ድንጋጌ የሚተረጉመው ከፕሬዚዳንቱ ሕገ መንግሥታዊ ሥልጣን ጋር በሚጣጣም መልኩ ነው» የሚለው ከነዚህ አንዱ ነው። እኔ በተለይ የምቃወመው ይህን ዓይነቱን አጻጻፍ ነው። አንባቢው አንቀጹ ይፈጸማል ወይስ አይፈጸምም ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ ኮንግረስም ምን እንደሚቃወም አያውቅም።

ልማዱ አዲስ አይደለም። አንድሩ ጃክሰን በ1830 ከዲትሮይት ወደ ቺካጎ ለሚሄድ መንገድ 8,000 ዶላር የሚመድብ ድንጋጌ የያዘ ረቂቅ ሲፈርሙ፣ መንገዱ ከሚሺጋን ግዛት ወሰን አያልፍም በሚል ግንዛቤ መፈረማቸውን ለምክር ቤቱ ጻፉ። ቺካጎ የምትገኘው ከዚያ ወሰን ውጭ ነው። ጃክሰን እንግዲህ ሕጉን እያጸደቁ ሕጉ በስም የጠራውን መድረሻ አስቀሩት ማለት ነው። ጆን ታይለር ደግሞ በ1842 የተወካዮች ምክር ቤትን መቀመጫ የሚደለድለውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ስለ ሕገ መንግሥታዊነቱ ያላቸውን ጥርጣሬ የያዘ ጽሑፍ በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዘንድ ከሕጉ ጋር አስቀመጡ። በዚያን ጊዜ የምክር ቤት አባል የነበሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የመሩት ኮሚቴ ድርጊቱን የሕዝብን መዝገብ ማበላሸት ነው ሲል አጥብቆ አወገዘው። የዛሬው ክርክር ዋና መልክ በእነዚያ ሁለት ጉዳዮች ውስጥ አስቀድሞ ይታያል፤ አንዱ ወገን ግንዛቤዬን አሳወቅሁ ይላል፣ ሌላው ደግሞ በጓሮ በር የገባ ከፊል ቬቶ (ረቂቅን ሳይፈርሙ የመመለስ ሥልጣን) ነው ይላል።

መግለጫው በጎ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የሚያሳየኝ የ1943ቱ ጉዳይ ነው። በጦርነቱ መካከል ኮንግረስ ባሳለፈው አስቸኳይ የበጀት ሕግ ውስጥ፣ በአመለካከታቸው የተጠረጠሩ ሦስት የመንግሥት ሠራተኞችን በስም ጠርቶ ደመወዝ እንዳይከፈላቸው የሚከለክል ክፍል ተካተተ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ረቂቁን ቢመልሱ ለጦርነቱ የሚያስፈልገው ገንዘብ ይዘገያል። ስለዚህ ፈረሙ፤ ለምክር ቤቱ በላኩት መልእክት ግን፣ የጦርነቱን ሥራ ላለማዘግየት ሲሉ ተገድደው እንደተቀበሉት፣ ድንጋጌው ጥበብ የጎደለውና አድሎአዊ ብቻ ሳይሆን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን እምነታቸው በመዝገብ እንዲሰፍር እንደሚፈልጉ ገለጹ። ሠራተኞቹ ከሰሱ፤ የመንግሥት ጠበቆች ራሳቸው ከሠራተኞቹ ጎን ስለቆሙ ኮንግረስ የራሱን ጠበቃ መሰየም ግድ ሆነበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1946 በሎቬት መዝገብ፣ ድንጋጌው ሰዎችን ያለ ፍርድ በሕግ አውጪ ውሳኔ የሚቀጣ ነው ብሎ ሻረው። ተቃውሞው ግልጽ ነበር፣ አንቀጹ ተለይቶ ተጠቅሷል፣ የመጨረሻውም ቃል የዳኞች ሆነ።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የቢል ክሊንተን የ1996 ውሳኔ ነው። የዚያ ዓመት የመከላከያ ሕግ የኤችአይቪ ቫይረስ በደማቸው ያለባቸው ወታደሮች ከሠራዊቱ እንዲሰናበቱ ያዝዝ ነበር። ክሊንተን ሲፈርሙ አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ አንቀጹን በፍርድ ቤት እንዳይከላከሉለትም አዘዙ። ወራት ሳይቆጠሩ ኮንግረስ ራሱ አንቀጹን ሻረው።

መግለጫውን ወደ ሥርዓት የለወጠው የሮናልድ ሬገን አስተዳደር ነው። በ1986 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዊን ሚስ ከአንድ የሕግ ማተሚያ ድርጅት ጋር ተነጋግረው፣ የፊርማ መግለጫዎች ከኮንግረስ ሪፖርቶች ጎን ጠበቆችና ዳኞች በሚያነቡት የሕግ ስብስብ ውስጥ እንዲታተሙ አደረጉ። በዚያው ዓመት በፍትሕ ሚኒስቴር ይሠሩ የነበሩት፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ሳሙኤል አሊቶ በጻፉት ማስታወሻ፣ ረቂቅ ሕግ እንዲሆን የፕሬዚዳንቱ ይሁንታ እንደ ምክር ቤቶቹ ይሁንታ አስፈላጊ ከሆነ፣ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን የተረዱበት መንገድም እኩል ሊታይ ይገባል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ኮንግረስ ይህን በደስታ እንደማይቀበለውም አስቀድመው ጠቁመዋል። በእኔ አስተያየት የሐሳቡ ድክመት ጊዜው ላይ ነው። የምክር ቤት አባላት ስለ ረቂቁ የሚናገሩት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ተቃዋሚ በተገኘበት ነው። ፕሬዚዳንቱ ግን የሚጽፉት ሁሉም ካለቀ፣ መልስ የሚሰጥ ሰው ከሄደ በኋላ ነው። ፍርድ ቤቶችም እስካሁን ለመግለጫዎቹ በሕግ ትርጉም ላይ ብዙ ክብደት አልሰጡም፤ በ2006 በሐምዳን መዝገብ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አብላጫ ዳኞች ስለ እስረኞች አያያዝ የወጣውን ሕግ ሲተረጉሙ የፕሬዚዳንቱን መግለጫ ከግምት አላስገቡትም።

ሰፊው ሕዝብ ስለ ፊርማ መግለጫ የሰማው በጆርጅ ዳብሊው ቡሽ ዘመን ነው። ሴናተር ጆን ማኬይን በአሜሪካ እጅ ባሉ እስረኞች ላይ የጭካኔና የማዋረድ ተግባር እንዳይፈጸም የሚከለክል ማሻሻያ አቀረቡ፤ ሴኔቱም በ90 ድምፅ ድጋፍና በ9 ተቃውሞ አሳለፈው። ቡሽ ዲሴምበር 30 ቀን 2005 ሲፈርሙ ግን፣ አስፈጻሚው አካል ድንጋጌውን የሚተረጉመው ከፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥነት ሥልጣን ጋር በሚጣጣም መልኩ መሆኑን አስነበቡ። ትርጉሙ፣ አስፈላጊ ነው ብዬ ካመንኩ ክልከላው አያግደኝም ማለት ነው ብለው ብዙዎች ተረዱት። ጋዜጠኛው ቻርሊ ሳቬጅ በ2006 በቦስተን ግሎብ ላይ የጉዳዩን ስፋት ሲያወጣ፣ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይል ልማዱ የሥልጣን ክፍፍልን ይጻረራል የሚል ሪፖርት አቀረበ።

ይህ ሁሉ ክርክር እየጦፈ ሳለ ቀላሉን ጥያቄ የጠየቀው የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት ነበር፤ ተቃውሞ የቀረበባቸው አንቀጾች በተግባር ተፈጽመዋል ወይስ አልተፈጸሙም? በ2007 ባወጣው ግኝት ከመረመራቸው 19 ድንጋጌዎች 10ሩ እንደተጻፉ ተፈጽመዋል፤ ለ3ቱ መፈጸሚያ የሚሆን ሁኔታ አልተፈጠረም፤ 6ቱ ግን እንደተጻፉ አልተፈጸሙም። ከስድስቱ አንዱ፣ በአሪዞና በቱሰን ቀጣና ያሉ የድንበር ጠባቂ ኬላዎች በየ7 ቀኑ ቦታ እንዲቀይሩ የሚያዝዘው ነበር፤ ኬላዎቹ በታዘዘው መሠረት አልተንቀሳቀሱም። መሥሪያ ቤቱ መግለጫው ነው ያስቀረው ብሎ አልደመደመም፤ መደምደምም አይቻልም ነበር። መሥሪያ ቤቶች በመግለጫ ሳይሆን በአቅም ማነስ ወይም በአሠራር ምክንያትም ሕግ ሳይፈጽሙ ይቀራሉና። የተገላቢጦሹም ይከሰታል። ኮንግረስ አንዳንድ ገንዘብ በኮሚቴ ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ የሚያዝዝ አንቀጽ ያስገባል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1983 በቻድሃ መዝገብ ከሰጠው ውሳኔ በኋላ ይህ ዓይነቱ አንቀጽ ሕገ መንግሥታዊ ስላልሆነ ፕሬዚዳንቶች በየጊዜው በመግለጫ ይቃወሙታል፤ መሥሪያ ቤቶቹ ግን በሚቀጥለው ዓመት በጀት የሚጠይቁት ከዚያው ኮሚቴ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፈቃዱን ይጠይቃሉ።

መግለጫ ከወረቀት ተነሥቶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰበት ግልጹ ምሳሌ የፓስፖርቱ ጉዳይ ነው። ኮንግረስ በ2002 ባወጣው የውጭ ግንኙነት ሕግ፣ በኢየሩሳሌም የተወለደ አሜሪካዊ ከጠየቀ በፓስፖርቱ የትውልድ ቦታ ላይ «እስራኤል» ተብሎ እንዲጻፍለት አዘዘ። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት አቋም በኢየሩሳሌም ላይ የማንንም ሉዓላዊነት አለመቀበል ስለነበር፣ በፓስፖርቱ ላይ የሚጻፈው «ኢየሩሳሌም» ብቻ ነበር። ቡሽ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2002 ሕጉን ፈረሙ፤ ድንጋጌው እንደ አስገዳጅ ከታየ ለውጭ መንግሥታት ዕውቅና የመስጠትና በዓለም ፊት አገሪቱን ወክሎ የመናገር ሥልጣናቸውን እንደሚጋፋ፣ በኢየሩሳሌም ላይ ያለው ፖሊሲም እንዳልተለወጠ በመግለጫቸው አሰፈሩ። በቀጣዩ ወር ከአሜሪካውያን ወላጆች ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ልጅ ተወለደ። እናቱ በሕጉ መሠረት «እስራኤል» እንዲጻፍለት ብትጠይቅም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ የያዘው የፕሬዚዳንቱን አቋም ስለነበር ፓስፖርቱ «ኢየሩሳሌም» ብሎ ወጣ። ወላጆቹ ከሰሱ፤ የቡሽም የኦባማም አስተዳደር ያንኑ አቋም ይዘው ተከራከሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 በዚቮቶፍስኪ መዝገብ፣ ዕውቅና የመስጠት ሥልጣን የፕሬዚዳንቱ ብቻ ነው፣ ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ በ6 ለ3 ድምፅ ወሰነ። የመግለጫው አቋም በመጨረሻ ትክክል ተባለ። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀንና በውሳኔው ቀን መካከል ከ12 ዓመት በላይ አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮንግረስ ያወጣውና ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት ሕግ በሥራ ላይ አልዋለም፣ ያላዋለውም የአስፈጻሚው አካል የራሱ ትርጉም ነበር።

ልብ ማለት ያለብን፣ ይህ ጉዳይ ወደ ዳኞች የደረሰው ከሳሽ ስለነበረው ነው። በፓስፖርቱ ላይ ሕጉ የፈቀደለትን ጽሑፍ የተከለከለ ሰው አለ፤ መብቴ ተነካ ይላል። ብዙዎቹ መግለጫዎች የሚነኩት ግን ለኮንግረስ የሚቀርብ ሪፖርትን፣ የቅድሚያ ማሳወቂያን፣ የተቆጣጣሪ ሥልጣንን ስለሆነ ከሳሽ አይገኝላቸውም። ባራክ ኦባማ ዲሴምበር 2013 የመከላከያውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ከጓንታናሞ እስረኛ ከመዛወሩ 30 ቀን አስቀድሞ ኮንግረስ እንዲያውቅ የሚያዝዘው አንቀጽ በአንዳንድ ሁኔታዎች የሥልጣን ክፍፍልን እንደሚጥስ ጻፉ። ሜይ 31 ቀን 2014 በታሊባን ተይዞ የነበረው አሜሪካዊ ወታደር ሳጅን ቦው በርግዳል በጓንታናሞ በነበሩ አምስት የታሊባን እስረኞች ሲለወጥ ማሳወቂያው አስቀድሞ አልደረሰም። የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት ሕግ ተጥሷል አለ፤ አስተዳደሩም በአቋሙ ጸና። ጉዳዩን ለይቶ የወሰነ ፍርድ ቤት የለም። ዶናልድ ትራምፕም ማርች 27 ቀን 2020 የኮሮና የኢኮኖሚ ድጋፍ ሕጉን ሲፈርሙ፣ መረጃ የተከለከለ ልዩ ተቆጣጣሪ ሳይዘገይ ለኮንግረስ እንዲያሳውቅ የሚያዝዘውን ድንጋጌ ያለ ፕሬዚዳንቱ ቁጥጥር የሚፈጸም አድርገው እንደማይመለከቱት አስፍረዋል። ፓርቲ ቢለያይም አሠራሩ ያው ነው፤ አንዱን ፕሬዚዳንት ብቻ መውቀስ ነገሩን አለመረዳት ነው።

ስለዚህ ጠያቂው ወደፊት እንዲህ ዓይነት መግለጫ ሲያጋጥማቸው፣ አንቀጹ በቁጥር ተጠቅሷል ወይስ በጅምላ ታልፏል፣ አልፈጽምም ተብሏል ወይስ እየተፈጸመ በፍርድ ቤት እንዲመረመር ተትቷል፣ የሚነካውስ ሊከስ የሚችል ሰው አለ ወይ ብለው ቢመረምሩ ክብደቱን ለመመዘን ይረዳቸዋል። እኔ ተቃውሞን በግልጽ አስፍሮ ለዳኞች የሚተውን ፕሬዚዳንት አልነቅፍም፤ በልቡ ይዞ በድብቅ ሕጉን ከሚያስቀር ፕሬዚዳንት ይሻላልና። ከሳሽ በሌለበት ጉዳይ «በሥልጣኔ መሠረት እተረጉመዋለሁ» ብሎ የሚያልፍን ግን፣ ሕግ አውጪውን ያለ ቬቶ ውጣ ውረድ ማለፉ ስለሆነ አጥብቄ እቃወማለሁ።

የቀረው መግለጫው ለስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው ነው። ተተኪውን ፕሬዚዳንት አያስርም። ኦባማ ማርች 9 ቀን 2009 ባወጡት ማስታወሻ፣ ወደፊት የራሳቸው መግለጫዎች ተቃውሞውን ለይተው እንዲያሳዩ ቃል ከመግባታቸው ሌላ፣ መሥሪያ ቤቶች ከዚያ ቀን በፊት በወጡ በማናቸውም የፊርማ መግለጫዎች ላይ ከመመሥረታቸው በፊት የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ምክር እንዲጠይቁ አዘዋል። ሕጉ ግን ኮንግረስ እስኪሽረው ወይም ፍርድ ቤት እስኪጥለው ድረስ፣ በመግለጫው ተቃውሞ የቀረበበትን አንቀጽ ጨምሮ፣ እንደተጻፈ በመዝገብ ላይ ይቆያል።